እትዬ ትንገራቸው

በዚያ ላውንድሪ ውስጥ ክፉ ወሬ የሚወጣው ከእትዬ አፍ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሠራተኞቹ ከጀርባው «አቶ ይሁን» ይሉታል፤ ምን ቢጠይቁት «ይሁን» ነዋ መልሱ! አርፍጄ ልምጣ? ይሁን። ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ? ይሁን። ሆደ ቡቡ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ። ሠራተኛ የሚሰናበትበት ቀን ሲመጣ ግን የሳሙና ግዢ ድንገት ትዝ ይለውና «እትዬ ትንገራቸው» ብሎ ውልቅ ይላል። ታላቅ እህቱ ተሰናባቹን ወደ ኋላው ክፍል ጠርታ ትነግራለች፤ እንባውንም እርግማኑንም ትቀበላለች። እሱ ሲመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ይጠብቀዋል። እንዲህ ሲሠሩ ኖሩ፤ አንዳቸውም ነገሩ ልክ አይደለም ብለው አላሰቡም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን የእትዬ ምላስ ከካውያው ይብስ ያቃጥል ነበር። በቅርቡ እንኳ ልብስ የምትተኩሰው ልጅ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠለች። እትዬ ሸሚዙን አስይዛ ደንበኛ በሚገባበት በር ላይ ገተረቻት። «የመጣው ሁሉ ጉድሽን ይይልሽ!» አለቻት። ልጅቷ ሽርጧን ፈታ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። እንደ እሷ ያለ እጅ ከየት ይገኛል! ከእሷ በፊትም እንዲሁ አልቅሰው የሄዱ ነበሩ። የቀሩት ሠራተኞች ተሰብስበው መጡና «ወይ እሳቸው ወይ እኛ» አሉት። ያን ዕለት «ይሁን» ማለት አቃተው።

እንዴት ይበል? እናታቸው ስትሞት እሱ ገና እየዳኸ ነበር። እትዬ በልጃገረድነቷ የሰው ልብስ በገንዳ እያጠበች አሳደገችው። እድፍ ሳይለቅ የቀረ እንደሆነ አሠሪዎቿ እርጥቡን ልብስ ፊቷ ላይ ይወረውሩባት ነበር። ሥራ የተማረችው እንዲያ ነው፤ ሥራ የሚያስተምሩትም እንዲያ መሰላት። ሳታገባ የቀረችው በእሱ ምክንያት ነው፣ አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። ላውንድሪው ለእሷ ቤቷም ትዳሯም ልጇም ነው። ከዚያ ከወጣች ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ቦታ የላትም።

ቢቸግረው አነስተኛ ድርጅቶችን በሠራተኛ ጉዳይ ወደምታማክር ሴት ሄደ። አማካሪዋ እስኪጨርስ ሰማችውና ጠየቀችው።

«ጥፋታቸውን ነግረዋቸው ያውቃሉ?»

«እኔ? ለእሷ?»

«አዎ፣ እርስዎ። ባለቤቱ እርስዎ አይደሉ?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ።

«ያልነገሯቸውን እንዴት ያርሙ? መጀመሪያ ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው። ለማረም ጊዜ ይስጧቸው።»

«ምን ጊዜ አለኝ! ነገ ሠራተኞቹ ጥለውኝ ሊወጡ ነው እኮ።»

አማካሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔ የመከርኩት ይህን ነው። አይሆንም ካሉ ደግሞ ቢያንስ መሰናበታቸውን ራስዎ ይንገሯቸው። በሩን ይዝጉ፣ ያስቀምጧቸው፣ ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ። ሰው ግን እንዳይልኩ።»

«ሰው እንዳይልኩ» ስትለው አንገቱን ደፋ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬን ወደ ኋላው ክፍል ጠራት። በላስቲክ የተሸፈኑ ኮቶች ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥለዋል፤ ከማድረቂያው የሚመጣው ሙቀት ያፍናል። በሩን ዘጋ። ወንበር ሳበላት።

«ምነው፣ ታመምክ እንዴ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ሰው ማሰናበት አለብኝ፣ እትዬ።»

«አይ አንተ! ለዚህ ነው በር የምትዘጋው? ለማን ልንገርልህ?»

«አትንገሪልኝ። እኔ ራሴ ነኝ የምናገረው።»

እትዬ እጇን አጨበጨበች። «ተመስገን! ይህን ቀን አየሁ! ወንድ ወጣህልኝ!» ደስታዋ የእውነት ነበር። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «በል እንግዲህ፣ እኔን እሷ አድርገኝና ሞክረው። ግድግዳ ግድግዳውን አትይ፤ ዓይን ዓይኗን እያየህ ነው።»

ያጠናው ነገር ሁሉ ከአፉ ጠፋ። እንደ ምንም ብሎ አያት።

«ምላስሽ ሠራተኞቼን አባረረብኝ» አለ። «ውለታሽን አልረሳም። ግን ከዛሬ ጀምሮ አትሠሪም።»

«ጎሽ! አሳምረህ ተናገርከው እኮ! ውለታውን ማንሳትህም ጥሩ ነው። ግን ምን ያስለቅስሃል? ተሰናባቿ ሳታለቅስ አንተ ታለቅሳለህ እንዴ፣ አንተ ሞኝ? ይልቅ ንገረኝ፣ ማን ናት?»

ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ፈገግታዋ ወሬው ገና ያልደረሰው ይመስል ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ።

«እኔ ነኝ» አለች።

እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ተቀመጠች። ሳሙና የበላቸው፣ ጥፍራቸው የሳሳ እጆች ናቸው። ከዚያ ተነሳች፣ ሽርጧን ፈታች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ሠራተኞቹ እሷን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ሥራ ያዙ።

«ልጆች» አለች፤ «ከዛሬ ጀምሮ አልመጣም። አስቀይሜያችሁ ነበር፤ ይቅር በሉኝ።»

ማንም ቀና አላለም። ልብስ አጣቢዋ ብቻ በሽርጧ ጫፍ አፏን ያዘች። እትዬ ቦርሳዋን አነሳች፣ «ደህና ሁኑ» አለችና ወደ መንገዱ ወጣች።

እሱም ተከትሏት ሮጠ። ማቋረጫው ጋ፣ መኪና እስኪያልፍ ቆማ አገኛት።

«እትዬ! ኧረ ተቆጪኝ! ስደቢኝ እንጂ! ዝም አትበይኝ!»

«ምን ብዬ ልቆጣህ? ልጅቷን በር ላይ ሳቆማት አይተኸኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«ፈራሁሽ።»

እትዬ ዞር ብላ አየችው። በልጅነቱ ታደርግለት እንደነበረው ኮሌታውን አስተካከለችለት።

«እነሱ እንደሚፈሩኝ አውቃለሁ» አለች። «አውቄ ነው ያስፈራኋቸው። አንተ ግን የምትወደኝ ይመስለኝ ነበር።»

«እወድሻለሁ እኮ፣ እትዬ!»

«ብትወደኝማ ትነግረኝ ነበር» አለችና መንገዱን ተሻገረች።