ሦስተኛው መስመር

ከብት ገበያ ገብቶ የወደደውን በሬ በቀጥታ የሚጠይቅ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ሞኝ ነው ወይ ከብት ገዝቶ አያውቅም። እኔ መሐዲ ሠላሳ ዓመት በሞያሌ ገበያ፣ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም፣ ስነግድ ልቤ የሄደበትን ከብት አንድም ቀን ቀድሜ ጠይቄ አላውቅም። መጀመሪያ ከማልፈልገው አጠገብ እቆማለሁ። ጥርሱን አያለሁ፣ ዋጋውን እጠይቃለሁ፣ እከራከራለሁ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ። የምፈልገውን በመጨረሻ ልወጣ ስል፣ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ "ይሄስ?" እላለሁ። ሻጩ ልብህን ካወቀ አለቀልህ። ደላሎቹ "መሐዲ የሚያየውን ተዉት፣ የማያየውን ጠብቁ" እያሉ ሲስቁብኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

በፈረንጆቹ 2005 ልጄ ፈርሂያ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ስለሆነ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ዳበል የሚባል መንደር ሳለን በወሊድ ላይ፣ መኪና ስንጠብቅ ሞታብናለች። ፈርሂያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነርስ እሆናለሁ እንዳለች ነው፤ ሌላ ወሬ የላትም። አስተማሪዋ ጆይስ የተማረችበት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሜሩ የሚባል ሩቅ ከተማ ውስጥ አለ። ልጄም የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጋልጋሎ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ሰሊም የሚባል ሁለት የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ፈርሂያን ጠይቋል። ሚስቱ ሞታለች፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም። ከወንድሜ ጋር ለሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ "ሜሩ ከጠሯት ትሂድ። አጥር አለው፣ የሴቶች ነው፤ ሰሊምም ይጠብቃል። እዚሁ ያለው የቀን ትምህርት ቤት ከሆነ የሚደርሳት ግን፣ ከወንድ ጋር ተቀላቅላ መንገድ ለመንገድ አትመላለስም። ትዳር ትይዛለች።" እጅ ለእጅ ተመታተን ተስማማን። ልጄ ጎበዝ ስለሆነች ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

እዚህ፣ ከድንበሩ በደቡብ በኩል ባለው አገር፣ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ፣ ፈተናው ሳይደርስ ገና በዓመቱ መጀመሪያ፣ ሊገባባቸው የሚፈልጋቸውን ትምህርት ቤቶች በተራ ቅጽ ላይ ይሞላል። ወላጅም ይፈርማል። ፈርሂያ አንድ ቀን ከሰዓት ቅጹን ይዛ መጣች። በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ሳይገባህ አትፈርምም ብላ እንግሊዝኛውን ታስተምረኝ ጀመር።

"አባ፣ በረት ውስጥ ቆመሃል እንበል" አለችኝ። "ልትገዛቸው የምትችላቸው ከብቶች በሙሉ ኦፕሽን ናቸው። ልብህ የሄደበት፣ ባትገዛውም እንኳ፣ ፕሪፈረንስ ይባላል። እጅህን ጭነህ ይሄን ያልከው ቾይስ ነው። እሱ ቀድሞ ተሽጦብህ ወደ ሌላው ስትዞር ያ ሌላው ኦልተርኔቲቭ ነው።"

"አራት ቃል ለአንድ በሬ!" አልኳት። "እንግሊዞች ሥራ የላቸውም እንዴ?"

ሳቀች። ስትስቅ እናቷን ትመስላለች። ከዚያ በጣቷ ቅጹን አሳየችኝ። ሦስት መስመር ነበር። "ፈርስት ቾይስ ማለት ከሁሉ የምትፈልገው ነው። እዚህ ላይ ሜሩን እጽፋለሁ።"

"በጭራሽ!" አልኩ።

እንዴት ተቆጣሁ መሰላችሁ! እኔ የቺፉ፣ የአካባቢያችን ሹም፣ ቢሮ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የምፈልገውን ወረቀት በስሙ ጠርቼ ስጠይቅ "ነገ ና" ይሉኛል፤ ሌላ ጉዳይ አስመስዬ ሄጄ በመጨረሻ እንደ ዋዛ ሳነሳው ግን ይሰጡኛል። መንግሥት ማለት ለእኔ ትልቅ ደላላ ነው። ልብህን ከገለጥክለት ይይዝብሃል። ስለዚህ ልጄን አዘዝኳት፦ መጀመሪያ እዚሁ ያለውን የቀን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ማርሳቢት ያለውን፣ ሜሩን በሦስተኛው መስመር።

"አባ፣ ይሄ ገበያ አይደለም" አለች። "የሚያነበው ሰው ያልኩትን ያምነኛል።"

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ቃሉን ታውቂያለሽ፤ እኔ ሰዎቹን አውቃለሁ።"

የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተች። ከዚያ እንዳልኳት ጻፈች። እኔም ስሜን እንደምንም ጽፌ ፈረምኩ፤ እንደ ትልቅ ሥራ ላቤ ወረደ።

በማግስቱ ጆይስ ራሷ ገበያው አጠገብ ያለችኝ ትንሽ ሱቅ ድረስ መጣች። ቅጹን ይዛለች። "ባባ ፈርሂያ፣ ኡና ሀኪካ? እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ። "ልጅቷ ሜሩን እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ዛሬ ከላክሁት አይመለስም።"

ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ! "ሜሩን ነው የምንፈልገው" ብል ኖሮ እዚያው ታስተካክለው ነበር። ግን ጆይስ የመንግሥት አስተማሪ ናት። ለእሷ ከነገርኳት ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። "እርግጠኛ ነኝ" አልኩ። ብልጠቴን ለመጠበቅ ስል የልጄን ዕድል ሰዋሁ።

ፈተናው በኖቬምበር ነበር። ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ኦቦ በሚባለው የግጦሽ ቦታ ያሉት ከብቶቼ በየቀኑ ይሞቱ ነበር። የሰሊም መኪና ውሃ እያመላለሰ ለወንድሜ ሰፈር ያድል ነበርና ስሙ በየቤቱ ይመሰገናል። ውጤቱ ሲመጣ ፈርሂያ ከትምህርት ቤቱ ሴቶች አንደኛ ሆና ነበር። እልል አልን። ጆይስ ብቻ እልል አላለችም።

በጃንዋሪ ደብዳቤው መጣ። ጥሪው እዚሁ ካለው የቀን ትምህርት ቤት ነበር፤ ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ።

ጆይስ ጋ እየሮጥኩ ሄድኩ። "ሜሩ በዚህ ውጤት ይቀበሏት ነበር" አለችኝ፣ ሳትቆጣ። "ግን አንደኛ ብለው በጻፏቸው ልጆች ሞሉ። ሦስተኛ ብሎ የጻፋቸውን ልጅ ስም አያነቡም። ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ባባ ፈርሂያ።" ደብዳቤ ጻፈችላቸው፤ ስልክም ደወለች። ቦታ የለም አሉ።

ለፈርሂያ ስነግራት አላለቀሰችም። ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሯን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋልጋሎ የሰሊምን ሽማግሌዎች ይዞ ከቀትር በኋላ ቤቴ መጣ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሻይ ተቀዳ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ልጅቷ ሳትጠየቅ አይሆንም ብሎ አስጠራት። ፈርሂያ ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች።

"ልጄ፣ ማንም አያስገድድሽም" አላት። "ምርጫሽን ከአንደበትሽ እንስማ።"

ፈርሂያ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው፤ ቀጥ ብላ።

"መጀመሪያ ጋብቻውን" አለች። "ሁለተኛ፣ እዚሁ ያለውን የቀን ትምህርት ቤት። ሦስተኛ..."

"በቃ፣ በቃ!" አለ ጋልጋሎ እየሳቀ። "መጀመሪያውን ካልሽ ሌላው ለምን ይቆጠራል? አልሐምዱሊላህ!" ሽማግሌዎቹም አልሐምዱሊላህ አሉ። ከመካከላቸው አንዱ "እንዲህ አባቷን የማታሳፍር ልጅ ይስጠን" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እዚያ ቤት ውስጥ ልጄ ያለችውን የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሚጠራው የማይፈለገው እንደሆነ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን በእኔው ቋንቋ አባ አድነኝ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። "ቆይ፣ ትጨርስ" ማለት ነበር የቀረኝ። ግን ለምን ብለው ቢጠይቁኝ፣ የሠላሳ ዓመት ነጋዴ የልጁን ዕድል እንደ ወይፈን ሊከራከርበት ሄዶ እንደጣለው በሰው ፊት መናገር ነው። አፈርኩ። በእጄ ያለውን ሻይ ጠጣሁት።

ፈርሂያ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ዞራ ወጣች። ሦስተኛው ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም።