ያሸንፋል፣ ይሸነፋል

በከተማው ካሉት ታፔላ ጸሐፊዎች ሁሉ የላቀው፣ ምናልባትም ከፀሐይ በታች አቻ ያልተወለደለት፣ እጀ ወርቅ ነበረ። ስሙን ሌላ ሰው ያወጣለት እንዳይመስላችሁ። ራሱ ነው ያወጣው፤ ሰዉ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲነገረው ሰለቸውና ተቀበለ።

የፋብሪካው ግድግዳ የእሱ ነበረ። ዋናውን መንገድ ይዞ የተዘረጋ፣ ከጫፉ ተነስቶ ጫፉ ለመድረስ ስንቅ የሚያስቋጥር ግድግዳ። እዚያ ላይ እጀ ወርቅ ለሦስት መንግሥታት ሦስት ጊዜ «ለዘላለም» ብሎ ጽፏል። አንዱ ዘላለም ሲያበቃ በነጭ ቀለም አጥፍቶ ቀጣዩን ዘላለም የሚጽፈውም እሱ ነው። ቀለሙ ተደራርቦ ግድግዳው አንድ ስንዝር ወፍሯል ይባላል። የሚለው እሱ ነው።

አራተኞቹ ሲመጡ ብሩሾቹን አጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ እስኪጠሩት ቤቱ ቁጭ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከሱቋ ለምሳ መጣች። ሱቋ ከግድግዳው ፊት ለፊት ነው።

«ቀጭኔ መሰላል አቁሟል» አለች እጇን እየታጠበች።

«የት?»

«የት ይሆን? ግድግዳው ላይ ነዋ!»

እጀ ወርቅ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ። ቀጭኔ ከአንድ መምህር ሥር አብሮት ሙያውን የተማረ፣ ያለ መሰላል የፎቅ መስኮት የሚያንኳኳ ሎጋ ነው። ይባስ ብሎ በወጣትነታቸው ይህችኑ ሴት ይከጅላት ነበር። እሷ እጀ ወርቅን መረጠች። ለምን እንደመረጠችው ግን አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም፤ ይህም ሃያ ዓመት እንደ ነቀዝ በልቶታል።

«መስመር ሳያሰምር ነው የሚጽፈው» አለች ሳታስበው። «እጁ ደሞ ቅንጣት አይንቀጠቀጥ!»

«የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል?»

«ያንተን እጅ ማን አነሳ?»

«እሱ ነዋ የከፋው! ማንም አላነሳውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጀ ወርቅ ሚስቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ግድግዳውን ይጠብቅ ጀመር። ቀይ ፊደል በነጭ ላይ፣ እያንዳንዱ የሰው ቁመት የሚያክል፣ አንድ በአንድ ወጣ፦ «ሐሳባችን በዓለም ሁሉ ለዘላለም ያሸንፋል»። እንከን ፈለገ። ዓይኑ እስኪያለቅስ ፈለገ። የለም።

አንድ ረፋድ የቅስቀሳ ክፍል ኃላፊው መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። ወጣት ነው፤ ኮቱ ከትከሻው ይሰፋል።

«ከእንግዲህ ሌላ ሐሳብ አይመጣም» አለ ለአላፊ አግዳሚው። «ዓለም መርጣ ጨርሳለች።»

«የበፊቶቹም እንዲሁ ብለውኝ ነበር፣ ጌታዬ» አለ እጀ ወርቅ ከበርጩማው። «እርስዎ የቆሙባት ቦታ ላይ ቆመው።»

«እነሱ ተሳስተው ነው።»

«እነሱም ስለ በፊቶቹ እንዲሁ ነበር ያሉት።»

ሚስቱ ከበስተኋላው በመርፌ ወጋ አደረገችው። ኃላፊው አልሰማ ይሁን ሰምቶ ይተወው እንጃ፣ ወደ ፊደሎቹ ዞረ። «ማተሚያ ቤት ያወጣው እኮ ነው የሚመስለው!» አለ።

«አይደል?» አለች ሚስቱ።

ይቺ «አይደል» ናት ነገር ያመጣችው። በነጋታው ቀጭኔ ምሳ ሲሄድ፣ መንገዱም ጭር ሲል፣ እጀ ወርቅ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም አንጠልጥሎ ነብር እንደሚወጣ መሰላሉን ወጣ። (ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ነበር።) አንዲት «ያ»ን አጠፋና «ይ» አደረጋት። አንዲት «ን»ን ከአናቷ እስከ እግሯ ቀብቶ በቦታዋ «ነ» ጻፈ። ወረደ። ግድግዳው አሁን «ለዘላለም ይሸነፋል» ይላል።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሐሙስ የመፈክሩ ምረቃ ነው፤ አገር ምድሩ ይስቃል፤ ቀጭኔ በውርደት ይባረራል፤ ግድግዳው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ሚስቱም ማን ማን እንደሆነ ታያለች።

ሐሙስ የአሸዋ ያህል ሕዝብ ወጣ፤ ቢያንስ ሁለት መቶ። ኃላፊው በበትር እያንዳንዱን ቃል እያመለከተ፣ ጮክ ብሎ አነበበ። በትሩ «ይሸነፋል» ላይ ሲያርፍ አፉ «ያሸንፋል!» አለ። ጭብጨባው የሰፈሩን ጣሪያ ነቀነቀ። እጀ ወርቅ ሳቁን ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። ፎቶ አንሺው ኃላፊውን ከነግድግዳው አነሳው፤ ፎቶውም ለበላይ አካል ተላከ ተባለ።

ወር አለፈ። ተማሪው ያልፋል፣ አውቶቡሱ ያልፋል፣ የሚያነብ ጠፋ። ሰው የሚያየው ማየት የለመደውን ነው። እጀ ወርቅ ከሳ። ያጠፋው ጥፋት እንኳ በቀጭኔ ፊደል ውበት ተውጦ ቀረ! ለማንም ቢናገር ማን እንዳደረገው መናገሩ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሚስቱ ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባ ቀና አለችና ግድግዳው ላይ ዓይኗ ቀረ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ። «ያቺ ነ ያንተ ናት።»

«የቷ ነ?»

«የ"ነ"ን እግር እንደ ጫማ አፍንጫ የምታሾል አንተ ብቻ ነህ። እዚህ ደጄ ላይ "ስፌት ለነገ ይደርሳል" ብለህ ከጻፍክ ጀምሮ ያቺን ነ በየቀኑ አያታለሁ።» ከዚያ ቃሉን በሙሉ አነበበችና መርፌዋ ወደቀ። «ምን አድርገሃል? ሰው እኮ ይታሰራል! ይሄ ቀልድ ነው?»

እጀ ወርቅ አፈረ፤ ነገር ግን ከእፍረቱ ሥር ልቡ ጮቤ ረገጠች። ከሺህ ፊደል መሀል ለየችው!

«ነገ ታስተካክለዋለህ» አለች። «አለዚያ እራት ከጎረቤት ትለምናለህ።»

በነጋታው በምሳ ሰዓት የራሱን መሰላል አቁሞ ወጣ። «ያ»ን መልሶ «ነ» ላይ ሲደርስ ከሥሩ መኪና ቆመ። ኃላፊው ነው።

«እዚያ ላይ ምን እየሠሩ ነው?» ብሎ ቀና አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል በፊደል አነበበ። «ያ... ሸ... ነ... ፋል? ምንድነው ይሄ?»

እጀ ወርቅ ብሩሹን ከጀርባው ደበቀ። ከግድግዳው ሌላኛው ጫፍ ምሳ ሳይሄድ ሁለተኛውን መፈክር ሲጽፍ የነበረው ቀጭኔ በሦስት እርምጃ ደረሰ።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ። «አንዲት ፊደል ተሳስቼ ነበር። "ን"ን እንደሱ የሚጽፍ የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ስህተቱ?»

«ከምረቃው በፊት።»

ኃላፊው ፎቶው ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ፊቱ እንደ ግድግዳው ነጣ። ግራ ቀኙን አየ። «ቶሎ ጨርሱ። ማንም እንዳይሰማ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለታችሁ አብራችሁ ትሠራላችሁ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነባል።» መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

እጀ ወርቅ «ን»ን ጨርሶ ወረደ። ቀጭኔን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። መቼስ ቀና ሳይሉ አይታይም።

«ታውቅ ነበር?»

«በነጋታው ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ማን ነው ሊሉኝ ነው። ነገ ያስተካክላል እያልኩ ወር ሞላኝ» አለ ቀጭኔ። «ደሞስ ውሸት ጻፍክ? ስንቱን ዘላለም ቀብተን አጠፋን! ዓለም እንደሆነች አንዱ ላይ አትረጋም።»

እጀ ወርቅ ወደ ሱቁ ተሻገረ። ቀጭኔ መስመር ሳያሰምር መጻፉን ችሎት ነበር፤ የማይንቀጠቀጥ እጁንም ችሎታል። ይሄን ደግነቱን ግን በምን አንጀቱ ይቻለው? እንዴት አድርጎ ለሚስቱ ይንገራት? መንገዱ መሀል ላይ ወሰነ፦ ኃላፊው ሲመጣ ቀጭኔ እንደ ቅጠል ሲንቀጠቀጥ፣ እሱ ከመሰላሉ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተከራክሮ አዳነው። ነገሩን እያሳመረ የቀለም ቆርቆሮዎቹን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ገባ።

«ዛሬ እኔ ባልኖር ኖሮ ያ ሰው...» ብሎ ጀመረ።

«ሰምቻለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንተ እጅህን ስትታጠብ ቀጭኔ በመስኮት ነገረኝ። "ባልሽ ባይኖር ዛሬ አልቆልኝ ነበር፣ ተከራክሮ አዳነኝ" አለ።»

እጀ ወርቅ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ።

«ምነው? ደስ አላለህም?»

«ያ ቀጭኔ» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ «ውሸቱንም ቀደመኝ!»