ሊሾ የለበሰ ወለል

የወለል ንጣፍ ሠራተኛው ሚስት ከቀበሌው ስብሰባ ከተመለሰች ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል። ሰፈሩ «እማማ አስፋልት» እያለ የሚጠራት እሷን ነው። የባሏ ጉልበት ጭቃውን አልችል ሲል፣ መንገዱ አስፋልት እንዲሆን ቤት ለቤት ዞራ ያስፈረመችና ሹሞቹን መግቢያ መውጫ ያሳጣች እሷ ናት። መንገዱ ሲመረቅ ከፊት አስቀመጧት። በስብሰባውም ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ እዚህ ግን ማንም አላጨበጨበም።

የከተማው በጀት ጎድሏል፤ የጎደለውን የሚሞሉት የቤት ባለቤቶች ናቸው ተባለ። ገማች እየዞረ ለየቤቱ ደረጃ ያወጣል፣ ደረጃው ከፍ ያለ ግብሩም ከፍ ይላል። መክፈል ያቃተው ሰው ምን ይሆናል ብሎ አንዱ ሲጠይቅ፣ ተናጋሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ ውሃ ጠጣ። ቤቱን እንደሚወስዱት የገባት ያኔ ነው።

ያላቸው ቤቱ ብቻ ነው። ባሏ ዕድሜውን በሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ ጨርሶ፣ ጡረታ የሌለው ጡረተኛ ሆኗል። እሷ የምትሰፋው መጋረጃ ከአስቤዛ አያልፍም። ቤቱ ቢወሰድ የት እንደሚወድቁ አታውቅም።

ጣጣው ደግሞ ሳሎኑ ነው። ባሏ የሀብታም ቤት ወለል ሠርቶ በጨረሰ ቁጥር፣ ሊጣል የነበረውን ትርፍራፊ ለምኖ ተሸክሞ መምጣት ልማዱ ነበር። ከሐኪሙ ቤት እብነ በረድ፣ ከነጋዴዋ መታጠቢያ ቤት ሰማያዊ ሴራሚክ፣ ከሆቴሉ ደረጃ ጥቁር ግራናይት አመጣ። ያንን ሁሉ እየገጣጠመ ሲያነጥፈው፣ እንግዳ በር ላይ ጫማ የሚያወልቅበት ወለል ወጣው። «ልጆቼ ዳዴ ያሉት ሐኪሙ ላይ ነው፣ ቆመው የሄዱት ነጋዴዋ ላይ» እያለ ይቀልዳል።

እንሸፍነው ያለችው እሷ ናት። ገማቹ ይህን ካየ ቤተ መንግሥት ብሎ ነው የሚመዘግበን አለችው። መጀመሪያ ሳቀባት። የሳሎኑን ወንበሮች ወደ ጓሮ ማውጣት ስትጀምር ሲያይ ሳቁን ተወ።

«ምን እናልብሰው?» አላት።

«የሲሚንቶ ሊሾ።»

ዕድሜውን ሙሉ ሊሾ እንደ ድሃ ብርድ ልብስ ነው ሲል የኖረ ሰው ነው። ቢሆንም የግንበኛ ማንካውን አውጥቶ ዝገቱን ጠረገ። አዲሱ ሲሚንቶ እንዲይዝለት የንጣፎቹን ፊት በመዶሻ ወቃቅሮ ከጓዳው በኩል ጀመረ። እሷ እያቦካች ስታቀብል፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ በዚያ በተጎዳ ጉልበቱ ወደ ኋላ እየዳኸ እስከ በሩ ወረደ። መጨረሻ ላይ ሰማያዊዋ ሴራሚክ ቀረች። በእጁ መዳፍ አበስ አደረጋትና እሷንም ሸፈናት። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ አብጦ አልጋ ላይ ቀረ።

ገማቹ የመጣው ሊሾው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። የግቢው በር ሲንኳኳ ስፌቷን ጥላ ወጣች። ስትከፍት፣ በእጁ ስልክ የያዘ ጎልማሳ አስፋልቱ ላይ ቆሞ የቤቱን ፊት ፎቶ ያነሳል።

«ግባ ልጄ፣ ውስጡን እይልኝ» አለችው። «የድሃ ቤት ነው፣ ወለሉም ሊሾ ነው።»

«መግባት አያስፈልገኝም፣ እማማ። ደረጃው የሚወጣው በመንገዱ ነው።»

«በየትኛው መንገድ?»

«በዚህ በቆምኩበት። አስፋልት ዳር ያለ ቤት ሁሉ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ውስጡን አናይም።» እንደ ማጽናናት ፈገግ አለላት። «ዕድለኛ ናችሁ እኮ፣ ጥሩ መንገድ ነው ያላችሁ። የግብሩ ወረቀት ሲወጣ ሰው በመኪና እናንተው ጋ ያደርሰዋል።»

እሱ ወደ ቀጣዩ ቤት ሲያልፍ እሷ በሩን ይዛ ቆመች። ያስፈረመቻቸው ጎረቤቶች ሁሉ በየተራ ይከፍቱለታል። ወደ ውስጥ ስትመለስ ግራጫው ወለል ከእግሯ ስር ቀዘቀዛት።

ባሏ ከአልጋው ሆኖ ጠራት። «ገባ?»

«ገባ።»

«ወለሉን አየ?»

«አየ። ዝቅተኛ ደረጃ ነው ብሎ ሄደ።»

ሰውዬው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከሠራበት ቀን ወዲህ ፊቱ ሲፈታ የመጀመሪያው ነበር። «አላልኩሽም? እጄ ገና አልሞተም» አላትና ያበጠውን ጉልበቱን እያሻሸ ተኛ። ጥቂት ቆይቶ ያንኮራፋ ጀመር።

እሷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስፌቷን ይዛ መስኮት ስር ትውላለች። ያ የተባለው ሰው የግብሩን ወረቀት ይዞ ሲመጣ በሩን ከባሏ ቀድማ መክፈት አለባት። ድሮ መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ሳለ የሚመጣ መኪና ከሩቅ ይንጓጓ ነበር። አሁን ግን መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ደጃፍ እስኪቆም ድረስ አይሰማም።