የጣሪያው ሰው

«አዳልጦት ነው አሉ» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ጦጣውን? እሱ መሬት ላይ ካልሆነ ጣሪያ ላይ አያዳልጠውም!» የሟች የሥራ ጓደኛ፣ ግንበኛው፣ ከወንበሩ ተነሣ። «ፎርማኑ፣ እሱ የሚቆምበትን ጣውላ ለሌላ ሥራ አስነሥቶበት ነው። ሳያይ ወደ ኋላ ረገጠ... ባዶ!»

ሚስት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አላለችም። ባሏ፣ ሁሉም «ጦጣው» የሚሉት የጣሪያ አናጢ፣ ሲመጣ በሩን በጥፍሩ ቧጨር አድርጎ «ጦጣሽ መጣ» ይላት ነበር። «ገመድ ታጥቀህ ውጣ እንጂ» ስትለው «ለበግ እንኳ ገመድ ይገዛል፤ ለእኛ ማን ገዝቶ!» ብሎ ያስቃታል። ከተቀበረ ወዲህ ግን በሕልሟ እንኳ አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እርጉዝ ሴት እያቅማማች ገባች። ጦጣው የወደቀበት አዲስ ቤት የእሷ ነው። ሰዉ ፊቱን አዞረባት። እሷ ግን ሄዳ ከሚስት አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቤቱ ቶሎ ይለቅልን እያልን የወተወትነው እኛ ነን። ገባንበት፤ ግን አልቻልኩም። ነፋስ ሲነሣ ይሰማኛል።»

«ምኑ?»

«መዶሻው። ከጣሪያው ላይ።»

ለቀስተኞቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሚስትን ግን የያዛት ፍርሃት አልነበረም፤ ቅናት ነበር። እዚያ ሲመላለስ እኔ ጋ መምጣት አቃተው?

«ውሰጂኝ» አለች።

«ኧረ በዚህ አቅምሽ!» ቢሏትም አልሰማችም። ግንበኛው ደግፎ ወሰዳት።

ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ነፋሱ መጣ።

ኳ... ኳ ኳ።

እንዲህ ነበር የሚመታው፤ አንዴ ለማስያዝ፣ ሁለቴ ለማጥበቅ።

ግንበኛው ወጥቶ አንጋጦ አየና ተመለሰ። «የጠርዙ ቆርቆሮ ነው፤ አልተመታም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ሚስማሩን ሊመታ ሲል ነው የ...»

እርጉዟን ሴት እፎይታው አስለቀሳት። «ነገውኑ ሰው ጠርቼ አስመታዋለሁ።»

«አስመቺው፣ ልጄ። ሕፃኑን ያስደነግጥብሻል» አለች ሚስት።

«በይ እንሂድ» አላት ግንበኛው።

ሚስት ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ እንደገና ሲነሣ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።