ቁጥር ሠላሳ አንድ

ዝጊው፣ ደግመሽ አታንብቢው፣ ትላለች ለራሷ፣ እጇ ግን አይዘጋም፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ለአለቃው የተጻፈው ደብዳቤ፣ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል፣ ስታነበው ይኸው ሦስተኛዋ ነው፣ ባለሙያዋ የእናታቸውን ሕመም ምክንያት በማድረግ በሥራ ሰዓት በተደጋጋሚ ከመሥሪያ ቤቱ የሚሰወሩ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። አይ አክብሮት። ባለሙያዋ ማለት እሷ ናት፣ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ከሥር ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት ቀኖች ተደርድረዋል፣ ማክሰኞ፣ አሁንም ማክሰኞ፣ የወጣችበትና የተመለሰችበት ሰዓት ሳይቀር፣ እነዚያ እኮ እናቷን ለኩላሊት እጥበት የምትወስድባቸው ቀኖች ናቸው፣ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጸሐፊዋ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ጓደኛዋ፣ ሂጂ እታለም፣ አለቃው ከጠየቀኝ አሁን እዚህ ነበረች እለዋለሁ፣ ለእናት ያልሆነ ሥራ ገደል ይግባ ስትላት የነበረች ሴት። ለካ በአንድ እጇ እየሸፈነች በሌላው ትጽፍ ኖሯል።

ዛሬም ጠዋት እኮ አባብላታለች፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ታቅፋ እያለቀሰች ስትመጣ፣ እታለም ጉዴ ፈላ፣ የዓመቱን ሪፖርት አጠፋሁት፣ የተጣለው የሚጠራቀምበትን ሪሳይክል ቢንም ባዶ አድርጌዋለሁ፣ አምስት ሰዓት ላይ ቦርዱ ይሰበሰባል፣ ካልተገኘ እኔም ከሥራ ወጣሁ ማለት ነው። አይዞሽ አለቻት፣ ጠፋ ማለት ወዲያው ጠፋ ማለት አይደለም፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው ያለው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚጠፋው። የጠፋ ፋይል የሚመልሰውን ፕሮግራም አስኬደችው፣ አርባ ስድስት ፋይል ተመለሰ፣ ስም የለው ምን የለው፣ ቁጥር ብቻ፣ አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ነው። ሪፖርቱ አርባ አራተኛው ላይ ተገኘ፣ ሰንጠረዡ እንኳን ሳይጎድል። ምናለ በቀጥታ ከዚያ በጀመርኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃውን ስትረግም ኖረች፣ ከክፍል ኃላፊነት አውርዶ እዚህ ምድር ቤት ከተበላሹ ፕሪንተሮች ጋር የጣላት እሱ ነው ብላ፣ ሰላምታውን እንኳን በግድ ነበር የምትመልስለት፣ ከኃላፊነት የወረደች ቀን ጸሐፊዋ አብራት አለቀሰች፣ ያውም ከእሷ በላይ፣ ለጸሐፊዋ መሐረብ የሰጠቻት እሷ ራሷ ናት። ምን አድርጌያት ነው፣ መተየብ ያስተማርኳት እኔ፣ ጣቷን ይዤ፣ ቀንታብኝ ነው፣ ተናግሬያት ነው፣ እያለች ገጹን እስከ ታች ትወርዳለች፣ እዚያ የመጨረሻው መስመር ቁጭ ብሏል፣ ባለሙያዋ ቢዛወሩ የሚለቁት ክፍል መስኮት ያለውና ብርሃን የሚያገኝ በመሆኑ ለጽሕፈት ሥራ አመቺ ነው። መስኮት። ለመስኮት ብላ ነው። ብትጠይቀኝ እኮ ጠረጴዛዬን ራሴ ተሸክሜ እወጣላት ነበር፣ ያውም ዝናብ የሚያስገባ መስኮት።

አልተገኘም ልበላት፣ አዝናለሁ፣ ተጽፎበታል፣ ማን ያጣራል፣ ሪፖርቱን ለማጥፋት አንድ ቁልፍ ነው፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ አርፏል፣ እናቷ እኮ ዛሬም ጸሐፊዋን ትመርቃታለች፣ ያቺ ደጓ ጓደኛሽ፣ እሷ ባትኖር ማን ያመላልሰኝ ነበር፣ ሰላም በያት ብላ ነው የላከቻት፣ ዛሬ ጠዋት፣ ጫማዋን ስታስር።

በሩ ይንኳኳል። አራት ሰዓት ተኩል ነው። እታለም፣ ተገኘ? ጣቷን ታነሣለች። ተገኝቷል። ክፉ አይንካሽ፣ አንቺን ያኑርልኝ፣ ትላለች ጸሐፊዋ፣ ዓይኗ አብጧል፣ እሷ ሠላሳ አንድን ትዘጋና ከወንበሯ ትነሣለች፣ ግን ስም የለውም፣ የትኛው እንደሆነ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ተቀመጪ፣ ከአንድ ጀምረሽ ክፈቺ፣ አንዱንም እንዳትዘልዪ። ድምፅዋ ደህና ነው፣ ለራሷም ገርሟታል።

ከኋላዋ ትቆማለች። አንድ፣ የፈቃድ መጠየቂያ፣ ሁለት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ጸሐፊዋ እየሣቀች አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ ይሄ ሁሉ ኮተት እዚህ ነበር እንዴ፣ አሥራ ስምንት፣ የወንበር ጥያቄ፣ ከፊቷ ያለው የምታውቀው አንገት ነው፣ ያጠለቀችውን ሐብል ለልደቷ የገዛችላት እሷ ናት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ የተራ መዝገብ፣ ሠላሳ፣ ባዶ ገጽ፣ እናትሽ ግን እንዴት ናቸው፣ ትላለች ጸሐፊዋ ዞር ሳትል፣ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች፣ ቀጥይ።