በእድር ድንኳን የገባ ቶርኖ

ሃሩን ቶርኖ ገዛ። ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ስለ ጡረታው ያስባል፤ እሱ ግን ዕድሜው ከራሱ የሚበልጥ እንግሊዝ ሠራሽ የብረት መቅረጫ ማሽን ገዝቶ አረፈው! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላፍቶ፣ በሰው ጋራዥ፣ በዚያው ማሽን ላይ ብሎን ሲያወጣ፣ ሻፍት ሲያቃና ኖሯል። ጋራዡ ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ፣ ብረት ለቃሚዎቹ «ቆራርጠን እናቅልጠው» ሲሉ ሰማና ሆዱ አልችል አለ። «እጄን ያሠለጠነኝ ማሽን እንዴት ፌሮ ሆኖ ይቀራል?» ብሎ ገዛው።

ባለቤቱ ሐሚዳ ወሬውን ስትሰማ፣ «ያ የዛገ ብረት በዚህ በር ከገባ እኔ በዚህ በር እወጣለሁ» አለች። እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። እውነቷን ነው እንጂ፣ «ይጠገናል» ተብሎ ግቢው የገባው ጄኔሬተር ዶሮ ከሰፈረበት አራት ዓመቱ ነው። ሻንጣዋን አንጠልጥላ መካኒሳ አቦ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች። «አርብ እመለሳለሁ። ስመለስ ወይ እሱ ይኖራል ወይ እኔ!»

ሃሩን ጨነቀው። ሰላሳ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት አያጣም፤ ማሽኑንም አይለቅም። እናም ዘዴ ዘየደ። እስከ አርብ ዝገቱን አራግፎ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ሲሽከረከር ቢያሳያት ልቧ ይራራል። ሰው የሚጠፋው እንዲህ ዘዴ ሲያበዛ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ክሬን ያለው አይሱዙ ሀና ማርያም ግቢው ድረስ አምጥቶ አወረደለት። የመሥሪያ ክፍሉ በር ግን አላስገባም አለ፤ በአራት ጣት ይጠባል። በሚሊሜትር ሲለካ የኖረ ሰውዬ የገዛ በሩን ሳይለካ! ግንበኛ ቢጠራ «ነገ አሰፋልሃለሁ» ብሎት ሄደ። ሰማዩ ደግሞ ጠቆረ።

ማሽኑን ዝናብ ካገኘው አበቃለት። ሃሩን እየሮጠ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቀጄላ ቤት ደረሰ።

«ኦቦ ቀጄላ፣ ድንኳኑን ያውሱኝ።»

«ውይ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ልጅ ልትድር ነው?»

«ቶርኖ ገዝቼ ነው።»

ኦቦ ቀጄላ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ድንኳን ከለቅሶና ከሠርግ በቀር አይወጣም። ደንቡን ያጸደቅሁት ራሴ ነኝ» አሉ። አሉና ጢማቸውን አሻሹ። የጎመን ማሳቸውን የሚያጠጡበት ፓምፕ፣ ሻፍቱ ተበልቶ ከቆመ ሰንብቷል። «እንደው... የኔን ሻፍት ትሠራልኛለህ?»

«በመጀመሪያ የርስዎን ነው የምሠራው!»

ድንኳኑ ወጣ። ደንብ እንዲህ ነው፤ ፓምፕ እስኪበላሽ ድረስ ይከበራል።

ድንኳኑ ተተክሎ ሲያበቃ፣ አቧራ እንዳይነካው ብሎ ደግሞ ሃሩን ከቁም ሳጥን ነጭ አንሶላ አውጥቶ ቶርኖውን አለበሰው። ቶርኖው ጠበብ ያለ ነው፤ ርዝመቱ ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል። ነጭ ለብሶ፣ በእድር ድንኳን ውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። እሱ አላሰበም። ጄሪካን አንጠልጥሎ የዝገት ማጠቢያ ናፍጣ ሊገዛ ሀይሌ ጋርመንት ማደያ ሄደ።

ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ ማርቲ ድንኳኑን አየች። በበሩ አንገቷን ብታሰግግ ነጭ የለበሰ ረጅም ነገር ተጋድሟል። «ሃሩን!» ብትል መልስ የለም። ክው አለች። ስልኳን አነሳችና ሐሚዳ ዘንድ ደወለች። መቼም መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ነውር ነው።

«ሃሩንን ትንሽ አመም አድርጎታል፤ እስቲ ነይ» አለቻት።

«በጣም ነው?»

«ኧረ ምንም አይልም። ብቻ... ከእህትሽ ጋር ነይ።»

በዚህ አገር «ምንም አይልም፣ ከእህትሽ ጋር ነይ» ከተባለ ሰውየው አልቆለታል።

ሃሩን፣ ማርቲ ጎረቤት ልትጠራ በሄደችበት ተመልሶ፣ አንሶላውን በአንድ በኩል ገልጦ፣ ከማሽኑ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ዝገት ሲፈትግ የሐሚዳ ጩኸት ከበር ተሰማ። «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ገና ረቡዕ እኮ ነው! ማን ነገራት? ጀግናው በማሽኑ እግሮች መካከል ሾልኮ ገባና አንሶላውን እስከ መሬት ሳበው።

ሐሚዳ ጎረቤቱን ሁሉ አስከትላ ገባች። «ምን አለ ዝም ብል ኖሮ! ምን አለ አፌን ብዘጋው!» ሃሩን ግራ ገባው። ለአንድ ብረት ይሄ ሁሉ ለቅሶ?

«ተኳርፈን! ሃሩኔ፣ የኔ ወርቅ፣ ቁርስህን እንኳ ሳልሰጥህ!»

ያኔ ገባው። ለካስ ሞቷል።

ወዲያው መውጣት ነበረበት፤ ማንም ጨዋ ሰው ይወጣል። ግን እስቲ ፍረዱ፤ ሰላሳ ዓመት «አንተ ደረቅ» ስትባሉ ኖራችሁ ድንገት «የኔ ወርቅ» ብትባሉ ትወጣላችሁ? «ትንሽ ልስማ» አለ በሆዱ።

በዚህ መሃል ኦቦ ቀጄላ የፓምፑን ሻፍት በትከሻቸው ተሸክመው ደረሱ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ሃሩን!» አለች ማርቲ።

«ሃሩን? ጠዋት ድንኳኑን የወሰደው እሱ ራሱ አይደል እንዴ?»

ማርቲ ደረቷን መታች። «ታውቆት ነበር! ሰው እንዳያስቸግር ድንኳኑን ራሱ አዘጋጅቶ ሄደ!» ለቅሶው እንደ አዲስ ቀለጠ።

«እንዲህ ነበር እኮ! ሰው ማስቸገር አይወድም!» አለች ሐሚዳ። «በዚህ ሰፈር እጁ ያልጠገነው ወፍጮ አለ? በአንድ ቶርኖ ልቡን የሰበርኩት እኔ ነኝ። አንድ አይደለም ሁለት ይግዛ! ግቢዬን ይሙላው! ብቻ ተነስልኝ!»

ከሥር ሃሩን እንባው መጣ። እንዲህ እንደምትወደው አያውቅም ነበር፤ አፈረም።

«እስቲ ፊቱን ልየው» ብላ አንሶላውን ገለጠች። ግራሶ የተለቀለቀ ብረት ፈጠጠባት።

«ሐሚዳ» አለ ከመሬት የመጣ ድምፅ፤ «ሁለት አልሽ?»

ማርቲ ድንኳኑን ይዛው ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ ኦቦ ቀጄላ ሻፍታቸውን ጣሉት። ሐሚዳ ጎንበስ ብላ አየችውና ጫማዋን አወለቀች። እየመታች አለቀሰች፤ እያለቀሰች አቀፈችው። «አልሐምዱሊላህ! አንተ ከይሲ! የዒድ አንሶላዬን!» እንደገና መታችው።

ሃሩን ተነስቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ አልሳቀም። «ሐሚዳ፣ ቀልዴን አይደለም። አንቺ ካልሽ ዛሬውኑ ይወጣል። እናቅልጠው ላሉትም እሰጣቸዋለሁ» አለ።

ሐሚዳ ቶርኖውን አየችው፤ እሱንም አየችው። በተበላሸው አንሶላ ጫፍ ከፊቱ ላይ ግራሶውን ጠረገችለት።

«ቃሌን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ይቀመጥ» አለች። «ሁለተኛውን ግን የእውነትህን ስትሞት ትገዛለህ።»