ሉዋንግ ፑ የነኩት ኮፈን

ሳዋት ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የሠራውን ስትሰሙ ፈጥናችሁ እንዳትፈርዱበት ነው፣ ልጆቼ።

ከሮይ ኤት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቦዩ ዳር ያለችው ላቫጆ የእሱና የሚስቱ የላምዱዋን ናት። በሰፈራችን አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ፣ ፀሐይና አቧራ ቀለሙን ሳይበላው ሰም ለማስቀባት እነሱ ጋ ይሄዳል። ሳዋት መኪና ሲያጥብ ሕፃን የሚያጥብ ነው የሚመስለው። ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ጎማ የጠረገበትን ጨርቅ በር አያስነካውም። ፀሐይ ያጋለውን መኪና ጥላ ውስጥ አቁሞ ሳያበርድ ጠብታ ውሃ አያፈስበትም። ጥፋቱም የመጣው ከዚህ ጥንቃቄው ነው።

ቡዋፋ የጠዋት ገበያ ዓሣ ነጋዴ ናት። ባሏ ቦዩ ላይ ባለው ድልድይ በሞተር ሲሻገር ሞቶባታል። ከዚያ በኋላ በዚያ ድልድይ መሪ ይዛ ማለፍ አቅቷት፣ የሰው መኪና ስትለምን፣ ዓሣውም ገበያ ሳይደርስ ሲበላሽባት ኖረች። በኋላ አንጀቷን አስራ ቀይ ፒካፕ ገዛችና በቀጥታ ወደ ገዳም ወሰደቻት። የባሏን አስከሬን በጸሎት ያሰናበቱላት የገዳሙ አለቃ፣ ሁላችንም ሉዋንግ ፑ፣ አባ አያት፣ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። መነኮሳት አዲስ መኪና ሲባርኩ የበረከቱን ምልክት የሚያደርጉት ከሾፌሩ ራስ በላይ፣ ከውስጥ ጣሪያው ላይ ነው። የሉዋንግ ፑ ወገብ ግን ጎብጦ ስለነበር መግባት አልቻሉም። ስለዚህ በጸበል የራሰውን ነጭ አፈር በጣታቸው እየጠቀሱ ኮፈኑ ላይ ዘጠኝ ነጥብ አኖሩ፣ በላዩም ስስ የወርቅ ቅጠል ለጠፉበት። መጨረሻዋ ነጥብ ላይ ሳል ያዛቸውና ጣታቸው ተንሸራተተ፣ ነጥቧም ጭራ አወጣች።

«ይቺኛዋ አመለጠችኝ» ብለው ሳቁ። «በይ እንግዲህ ልጄ፣ የእኔ ጣት ያለው ቆርቆሮው ላይ ነው። ፍሬኑ ላይ ያለው ያንቺ እግር ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ ሉዋንግ ፑ አረፉ።

ቡዋፋ ፒካፗን ወደ ላቫጆው ስታመጣት ገና ለሉዋንግ ፑ ሐዘን ጥቁር እንደለበሰች ነበረች። በዕድሜ ስለሚበልጣት ሳዋትን «ፒ» ነው የምትለው።

«ፒ ሳዋት፣ ሁሉንም እጠብልኝ፣ ሁሉንም ሰም ቀባልኝ። ይቺን ቦታ ግን እንዳትነካት። እሳቸው ከእንግዲህ የሚያድሱበት እጅ የላቸውም።»

«አይዞሽ፣ እንደ ዓይኔ እጠብቃታለሁ» አላት።

ደግሞም ጠብቋት ነበር። ምልክቱን በወረቀት ሸፈነና ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። ዳሩ ግን የሳሙናው ውሃ በወረቀቱ ሥር ሾልኮ ገባ። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሰሙን ቀብቶ ወልውሎ፣ በመጨረሻ ቀስ ብሎ ሲያነሣው የረጠበው ወረቀት ወርቁንም ነጩንም ይዞ ተነሣ። ሥሩ የቀረው ንጹሕ ቀይ ቀለም ብቻ ነው፤ ፊቱን ያሳየዋል።

መናገር ነበረበት። ግን ቀና ሲል፣ ቡዋፋ ጥላው ሥር ከላምዱዋን ጋር የፓፓያ ሰላጣ ትበላለች፣ በርበሬው አቃጥሏት ዓይኗ እያነባ ትስቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያያት ያን ቀን ነው። ይህን ሳቅ እንዴት አድርጎ ይቁረጠው? ወደ ጓዳ ገባ። ላምዱዋን ለሙቀት ሽፍታ ፊቷን የምትቀባውን ነጭ ዱቄት በውሃ በጠበጠ። ከበዓል የተረፈ የወርቅ ቅጠልም አልጠፋም። ዘጠኙን ነጥብ አስቀመጠ። መጨረሻዋ ላይ እጁ ትንሽ ቆም አለና ጭራ አወጣላት።

ልጆቼ፣ የሟች ሽማግሌ ሳል ሳይቀር አስመሰለ።

ቡዋፋ መጥታ መዳፎቿን ግንባሯ ላይ ገጥማ ለኮፈኑ እጅ ነሣች። «እጅህ ይባረክ፣ ፒ» አለችው። እሱ እጁን ከኋላው ደበቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡዋፋ ሌላ ሰው ሆነች። ድልድዩን ትሻገራለች፣ ትመለሳለች፤ በላቫጆው ባለፈች ቁጥር ክላክስ ትነፋለች። ሰም ለማሳደስ ስትመጣ ዓሣ ይዛ ነው የምትመጣው። «ለሉዋንግ ፑ ዘበኛ» ትላለች። ዝናብ የዱቄቱን ጠርዝ በበላው ቁጥር ደግሞ ሳዋት እሷ ሳታይ ያድሰዋል። አንዴ የዋሸ መሰለው እንጂ፣ ውሸቱም እንደ ሰሙ እየታደሰ ነበር።

«የሽፍታ ዱቄቴ የት ነው የሚገባው?» አለች ላምዱዋን አንድ ቀን። «አንተ ሽፍታ የለብህ። ወይስ የምታስቆነጅልኝ ሴት አለች?»

ነገራት።

«ለቡዋፋ ንገራት» አለችው ላምዱዋን።

«ነገ።»

«የአንተ ነገ ከሰምህ ይበልጥ ይበረክታል።»

እንዲህ እንዳለ የዝናቡ ወራት መጣና ቦዩ ሞልቶ ውሃው በድልድዩ ላይ ይፈስ ጀመር። አንድ ጠዋት ቡዋፋ ዓሣዋን በበረዶ ጭና፣ የመኪናዋን መስታወት ጭቃ ለማስጠረግ ላቫጆው ጋ ቆመች። ሞተሩን አላጠፋችም።

«ድልድዩ ላይ ሁሉም እየዞረ ነው የሚመለሰው» አለች። «ያ ባለ ትልቁ የጭነት መኪና ሳይቀር! ሱሪውን ያውልቅ! እኔ እንደሆን አልፋለሁ። ሉዋንግ ፑ ከፊቴ ናቸው፣ ማን ይነካኛል?»

ሳዋት ጨርቁን ጥሎ ከመኪናዋ ፊት ቆመ።

«አትሄጂም።»

«ዞር በል ፒ፣ በረዶው ይቀልጣል።»

«ሉዋንግ ፑ የሉም፣ ቡዋፋ። ምልክቱ የእሳቸው አይደለም። የመጀመሪያ ቀን ነው ከወረቀቱ ጋር የተነሣብኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ቡዋፋ የሰማች አትመስልም ነበር። ወረደች። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ አንዷን ነጥብ ፋቀችና ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። ካምፎር ካምፎር ይላል።

«ይሄ የሽፍታ ዱቄት ነው» አለች።

ሳዋት በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ባሌ የሞተበትን ድልድይ ስመላለስበት የከረምኩት... በሽፍታ ዱቄት ነው?» ድምጿ ቀጠነ። «ጭራዋስ? የሳላቸውን ጭራስ?»

«እሷንም እኔ ነኝ።»

ያኔ መሬት ላይ፣ የሳሙናው ውሃ መሐል ተቀመጠች። ላምዱዋን ልታነሣት ስትል እጇን መነጨቀቻት። ኋላ ብድግ አለች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን የሳዋት ባልዲ ውስጥ ወርውራ በዝናቡ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ዓሣውን ላምዱዋን ለጎረቤት አከፋፈለችው። ለእኔም ደርሶኛል፤ እውነቱን ልናገርና ጣፋጭ ነበር፣ ግን ማንም እየሳቀ አልበላውም።

ፒካፗ እዚያው ቀረች። ሳዋት ሌላ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ቅጠል ሲወድቅባት ያነሣል፣ ወፍ ኩሷን ስትጥልባት ቀለሙን ሳይበላው ፈጥኖ ያብሳል። ምልክቱን ግን ሊያጠፋውም ሊያድሰውም አልደፈረም። በፋቀችው ነጥብ ፈንታ ባዶ ቦታ ይታያል፣ እንደወለቀ ጥርስ። ወደ ቤቷ ሄዶ ደጃፏ ላይ ቆሞም ነበር። አልከፈተችለትም።

ውሃው ከድልድዩ ከወረደ በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ራሷ መጣች። ሰላም አላለችም።

«እጠባት» አለች። «ያንተን ጣት አጥፋልኝ።»

አጠባት፤ ባልዲውን ከኋላ ጭነት ቦታው ላይ አስቀምጦ፣ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች። ኮፈኑ ላይ ሲደርስ ስፖንጁን አርሶ ቀስ ብሎ ጫነው። ነጩ በአረፋው ውስጥ ሟሟ፣ ወርቁ ስፖንጁ ላይ ቀረ። ሊያደርቅ ጨርቅ ሲፈልግ፦

«በቃ። ግባ» አለችው የጎኑን በር እያሳየችው።

«እኔ?»

«አንተ! ስሄድ ስመለስ ዝም ብለህ ታየኝ የለ? ዛሬ አብረኸኝ እይ።»

ላምዱዋን ባሏን ወደ መኪናው ገፋችው። «ግባ። ዱቄቴን ስትጨርስ እንዲህ አልፈራህም።»

ቡዋፋ ቁልፏን ከላምዱዋን ተቀብላ፣ መሪውን ጨብጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተንቀሳቀሰች። ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ እግሯን ከፍሬኑ ላይ እንዳላነሣች ሳዋት ራሱ ነው የነገረኝ። እሱም የበሩን እጀታ ይዞ ነበር።

«ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?» አለችው ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ፍሬኑ ላይ ያለው ያንቺ እግር ነው አሉኝ። እኔ ሞኝ ጣታቸውን ይዤ ቃላቸውን ረሳሁት። ያን ቀን ብትተወኝ ኖሮ ቦዩ ውስጥ ዓሣው ጋ እገባ ነበር።»

ከዔሊ በማይሻል ፍጥነት ተሻገሩ። ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ። አንዱ ባለ ሞተር በጎን እያለፈ «ሜ፣ እናቴ፣ ገፍቶ የሚረዳ ልላክልሽ?» አላት። ፍጥነቷን አልጨመረችም። ባሏ በወደቀበት ቦታ ስታልፍ ብቻ አንድ እጇን ከመሪው አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገች።

ማዶ ሲደርሱ ዳር ይዛ ቆመች።

«ውረድ።»

«ቡዋፋ፣ ይቅር...»

«ገና ነው፣ ፒ። ገና አልበረደልኝም። ውረድና በእግርህ ተመለስ።»

ወረደ። ፒካፗ እርጥብ ኮፈኗን በፀሐይ እያብረቀረቀች ወደ ገበያው ስትሄድ ቆሞ አያት። ውሃው ሳይጠረግ ሰሙ ላይ ሲደርቅ ነጠብጣብ እንደሚያስቀርበት ትዝ ብሎት ተጨነቀ። ከዚያ ባልዲውና ስፖንጁ ከኋላዋ ጭነት ቦታው ላይ እንደቀሩ አየ። ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ ተወው። ባልዲውን ለመመለስ መምጣቷ አይቀርም ብሎ፣ በዚያ ሙቀት፣ ድልድዩን በእግሩ ያዘው።